የጨፌው ተራ

ተረት ከሰማይ አይወርድም፤ አንዱ ያጠፋል፣ ሌላው ስም ያወጣለታል። ወይራ ውሃ አገር ዛሬም ድረስ ሰው ሲናደድ የሚላትን አንዲት ተረት ያመጣብን አያ ጓንጉል ነው። ጉድ እኮ ነው መቼም!

ወይራ ውሃ የሚሉት ወንዝ በጋ ሲሆን ይቀጥናል። ስለዚህ ሰዉ ውሃውን በተራ ነበር የሚጠልፈው፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ለገበሬው፣ እሑድ ለጨፌው። ጨፌው ከታች ያለው ረግረግ ነው፤ የሰፈሩ ላም ሁሉ በበጋ የሚግጠው እሱን ነው። ተራውን የሚያከፋፍለው ሰው የውሃ አባት ይባላል። ያን ዓመት የውሃ አባት የሆነው አያ ጓንጉል ነጭ ሽንኩርቱን አስፍቶ ተከለና የራሱ ተራ አልበቃው አለ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቹን ጨፌው ዳር ሰበሰበ።

«ሕጋችን ምን ይላል? ባለተራው ራሱ ቆሞ ‹ተራዬ ነው› ካላለ ተራው ያልፈዋል። እስቲ እንጠይቀው።» ከዚያም ወደ ረግረጉ ዞሮ ተጣራ። «አንተ ጨፌ! ተራህ ነው ወይ?»

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን ለቀቁት።

አንጓች ግን ደሟ ፈላ። ባሏ ሞቶባት አራት ልጆች ቦራ በምትባል አንዲት ላም የምታሳድግ ሴት ናት። ያቺ ላም ከነጠፈች የልጆቿ ነገር አለቀለት። ወዲያው ከረግረጉ ውስጥ እንቁራሪቶች ተንጫጩ።

«ይኸው መለሰልህ!» አለች።

«እንቁራሪት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ርስት ያላት? አይዞሽ፣ ጨፌሽ ክረምት ሲገባ እስኪጠግብ ይጠጣል።»

«ክረምትማ ማን ውሃ አጣ፣ አያ ጓንጉል? የማያስፈልግህን ሰጥተህ ሰጠሁ ልትል ነው? እግዜር ይይልህ!»

ከሁሉ ታላቁ ሽማግሌ አባ በየነ፣ በሳቅ የመጣ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ተይው ልጄ፣ ጨፌ ተሟግቶ አያውቅም» አሏት። እሑድም ለነጭ ሽንኩርቱ ተፈረደ። ፍርድ ተብሎ ሞቷል!

መጋቢት ሳያልቅ ጨፌው ተሰነጣጠቀ፤ እንቁራሪቱም ድምፁ ጠፋ። ላሞቹ ደረቅ ጭቃ እየላሱ ከሱ፣ አንድ በአንድም ነጠፉ፤ የጓንጉል ሦስት ላሞችም አልቀሩ። አንጓች ቦራን ልታልብ ጮጮዋን ይዛ ትቀመጥና ባዶውን ይዛ ትነሳለች። ልጆቿ ቆሎ ቆርጥመው ሲውሉ ባየች ቁጥር ያ የሽማግሌዎቹ ሳቅ ያንገበግባታል።

ሚያዝያ ላይ፣ አባ በየነ ሊጠይቋት መጥተው ደጇ ተቀምጠው ሳለ፣ ጓንጉል ጮጮ አንጠልጥሎ ከች አለ።

«አንጓችዬ፣ እባክሽን። ልጄ አራስ ናት፣ የጡቷ ወተት አልወርድ ብሏት ሕፃኑ ያለቅሳል። እኔ ቤት ወተት የለም። በምትኩ ነጭ ሽንኩርት በቁና እሰፍርልሻለሁ።»

«ና!» ብላ በረት አስገባችው። የቦራ ጡት እንደ ባዶ ስልቻ ተንጠልጥሏል።

«እለባት! እምቢ ካለችህ ሂድና ነጭ ሽንኩርትህን እለበው! ለአራስ የምነፍግ ሴት አይደለሁም፤ ግን ከየት ላምጣላት? ነግሬህ አልነበረም ወይ?»

 አባ በየነ ከበረቱ በር ላይ ቆመው ሁሉን ሰምተዋል፤ ያን ቀን በመሳቃቸው ፊታቸው በኀፍረት ጠቁሯል።

«ከፊታችን እሑድ ጀምሮ ቦዩ ለጨፌው ይከፈት» አሉ። «እስኪያገግም ደግሞ የእኔንም የሐሙስ ተራ ይውሰድ።» ከዚያም የጓንጉልን ባዶ ጮጮ አይተው ምራቃቸውን እንትፍ አሉና፣ «ወይ ጉድ! ጨፌ አስጠምቶ፣ ወተት ተመኝቶ!» አሉ።