የአያ ጅቦ ገንዳ ሲሰፋ

አንድ ጊዜ ጅብ ዓሣ አሳዳጊ ሆነ። ብትስቁ አይፈረድባችሁም፤ የዚያን ጊዜ እንስሳትም ስቀዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከባሕር የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ በረሃ፣ በአያ ጅቦ ዋሻ በር ላይ ጠባብና ጥልቅ የድንጋይ ጉድጓድ ነበረ። አንድ ቀን ጅቡ ከባሕር ዳር ዓሦችን ከነውኃቸውና ከተጠለሉበት የባሕር ድንጋይ ጋር አፍሶ አመጣና «ለነገ ቁርስ» ብሎ እዚያ ጨመራቸው። በማግስቱ ሊበላ ጎንበስ ሲል፣ ድንጋዩ እንደ አበባ ፈክቶ፣ ቢጫው ዓሣ፣ ሰማያዊው፣ ባለመስመሩ በመካከሉ ሲሽሎኮሎኩ አየ። አፉን ከፍቶ ቀረ። መዝጋቱን ረሳ፤ መብላቱንም ረሳ።

ወሬው ሲሰማ እንግዳ ጎረፈ። እስከዚያ ቀን ጅብ ቤት ገብቶ የወጣ እንግዳ አልነበረም። አሁን ግን ሚዳቋ እንኳ ሳትቀር ከሩቅ አንገቷን እያሰገገች «ሲያምሩ፣ አያ ጅቦ!» ትለዋለች። ጅብም ሥጋ እንደማይበቃው ሁሉ ምስጋናም አልበቃው አለ።

የባሕሩን ውኃ የምታመላልሰው አህያ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ ከጨው ሜዳ አሞሌ ስትጭን ኖራ፣ አንድ ማለዳ ከነጋዴዎቹ ተነጥላ ስትጠፋ ከጅብ እጅ የወደቀች ናት።

«ውኃ ማመላለስ እስካለ ድረስ ጥርሴን አላሳርፍብሽም» ብሎ ምሎላታል። «ሥራው ያለቀ ቀን ግን፣ ያው ታውቂኛለሽ።»

«አውቅሃለሁ፣ አያ ጅቦ» አለች አህያ።

እመት ቀበሮም ከእንግዶቹ አንዷ ነበረች። በየቀኑ እየመጣች ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጣ እጇን ትሰዳለች፤ አይደርስላትም። ሲሰለቻት ወደ ጅቡ ዞረች።

«አያ ጅቦ፣ እንዲህ ያለ ጌጥ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል? አንበሳ ቢመጣ ምን ሊያይ ነው? ጨለማ?»

«አንበሳ ይመጣል እንዴ?»

«ሰፊ ገንዳ ካለህ ለምን አይመጣም! አደባባይ የሚያህል ቆፍር። ጥልቀቱ ግን እስከ ጉልበት ይበቃል።»

«ለምን?»

«ለዓይን ነዋ» አለች ቀበሮ፣ ጥፍሯን እየላሰች።

ጅብ በሦስት ቀን ቆፈረው። ሰፊ፣ ዝርግ፣ አንዲት ጥላ የማያርፍበት ገንዳ ሆነ። አህያ ስታየው ሁለት ጆሮዋ ቆመ። እንዲህ ያለውን በዕድሜዋ ሺህ ጊዜ አይታለች፤ ሰዎች የባሕር ውኃ አስተኝተው ጨው የሚያደርቁበት መደብ ቁርጥ ይህንኑ ነው። ፀሐይ ውኃውን ትጠጣለች፤ ጨውን አትነካም። የጎደለውን በባሕር ውኃ ከሞሉት፣ በጨው ላይ ጨው መጨመር ነው። የጎደለው መሞላት ያለበት በምንጭ ውኃ ነው። ምንጩ ደግሞ ከዋሻው ጀርባ ሃያ እርምጃ አይሞላም።

ልትናገር አፏን ከፈተች። ወዲያው አንድ ነገር ታሰባት። ከምንጩ ውኃ መቅዳት የጠዋት ሥራ ነው፤ ጅብም ራሱ ሊሠራው ይችላል። ከባሕሩ ማመላለስ ግን ክረምት ከበጋ አያልቅም። ገንዳው በሰፋ መጠን የእሷም ዕድሜ ይረዝማል። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አለች በሆዷ፤ አፏንም ዘጋች።

«ምን ልትይ ነበር?» አላት ጅብ።

«ሰፊ ነው ልል ነበር።»

«ነዋ!» አለ ጅብ፣ ደረቱን ነፍቶ።

ገንዳው በባሕር ውኃ ተሞልቶ ዓሦቹ ሊዛወሩ ሲሉ፣ አንዲት ባለመስመር እናት ዓሣ ከጉድጓዱ ብቅ አለች። ልጆቿ ከሆዷ ሥር ተጠግተዋል።

«እህቴ አህያ፣ አንቺ አይተሽዋል። አዲሱ ቤት እንዴት ነው?»

«ሰፊ ነው።»

«ውኃውስ?»

«የባሕር ነው፤ እኔው በጀርባዬ ያመጣሁት።»

«አንቺ ካልሽ ይሁን» አለች ዓሣዋ።

አህያ ለዓሣዋ አንዲትም ውሸት አልተናገረችም። ለራሷም ይህንኑ ደጋግማ ነገረች፤ ግን መደጋገም ለምን እንዳስፈለጋት አልገባትም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደስታ ነበሩ። ቀለሙ በፀሐይ ወለል ብሎ ታየ፤ ጅብ በገንዳው ዙሪያ እየተንጎራደደ ቁጥራቸውን እየሳተ ይቆጥራቸዋል። ከሳምንት በኋላ ግን ውኃው ወረደ።

«ውኃዬ ጎደለ! አህያ፣ ወደ ባሕር!»

ሄደች፤ ሞላች። በማግስቱ ጎደለ፤ ሄደች፤ ሞላች። በባሕር ድንጋዩ ላይ የፈካው አበባ እየነጣ ሄደ። ጅብ «ሲያረጅ ይሸብታል፣ እንደ ሽማግሌ» ብሎ ተረጎመው። ትንንሾቹ ዓሦች በጀርባቸው መንሳፈፍ ሲጀምሩም ቀበሮ አላዘገየችም።

«አንተ አትይ፣ ሆድህ ይባባል። ሬሳውን እኔ እቀብርልሃለሁ።»

«እግዜር ይስጥሽ» አለ ጅብ፣ ዕንባውን እየጠረገ። ቀበሮም ቀበረች፤ በየቀኑ ስትቀብር ጎኗ ሞላ፣ ፀጉሯ አማረ።

አንድ ቀን አህያ ውኃውን ስታፈስ፣ እናቲቱ ዓሣ እየተንገዳገደች ወደ ዳር መጣች።

«እህቴ፣ ውኃው ከብዶናል። የልጆቼ ዓይን ተቃጠለ። ምን ይሆን?»

አህያ ወደ ምንጩ ዘወር አለች። ከዚያ ወደ ጅቡ ጥርስ አየች።

«አዲስ ቤት እስኪለመድ ነው» አለቻት፤ ለዓሣዋ የነገረቻት የመጀመሪያ ውሸት ይህ ነበር። ከዚያም ወደ ባሕር ሄደች።

አንበሳ ከነአጃቢዎቹ በመጣበት ቀን ፀሐይዋ እሳት ነበረች። ጅብ ገንዳውን ለመጨረሻ ጊዜ አስሞልቶ፣ ጭራውን እየቆላ ንጉሡን አስቀድሞ አስገባ። ዳር ዳሩ ነጭ ቅርፊት ለብሷል። ዓሦቹ ሁሉ በጎናቸው ተኝተዋል፤ ባለመስመሯ እናትም ከልጆቿ አጠገብ አፏን ከፍታ ቀርታለች። አንበሳ ዝቅ ብሎ ቅርፊቱን ላሰና ፊቱን አጨማደደ።

«ዓሣ ሲዋኝ ላይ ብትጠራኝ፣ በጨው የታሸ ቋንጣ አቀረብክልኝ?»

አጃቢዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ጅብ ግን አልሰማቸውም፤ በሆዱ ተኝቶ ዓሦቹን አንድ በአንድ በአፍንጫው ይነካካ ነበር። «ተነሡ፣ አንበሳ መጥቷል» ይላቸዋል። ቀበሮ እንኳ ለጊዜው ስለ ቀብር አላነሣችም።

አህያ ይህን ስታይ ወደ ጅቡ ቀረበች።

«አያ ጅቦ፣ የገደላቸው ጨው ነው። ፀሐይ ውኃውን ስትጠጣ ጨው ይቀራል። የጎደለውን ከጀርባ ካለው ምንጭ መሙላት ነበረብን።»

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለ ጅብ፣ ቀና ሳይል።

«ገንዳውን ቆፍረህ የጨረስክ ቀን።»

አህያ ዓይኗን ጨፈነች፤ አንገቷንም ዘርግታ ጥርሱን ጠበቀች። ሥራው አልቋል፤ መሐላውም አብሮ አልቋል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ እሷ ደግሞ ባልም የላትም።

ጥርሱ ግን አልመጣም።

«እኔ ሞኝ ነኝ» አለ ጅብ፤ «ሞኝነቴን አገር ያውቀዋል። የቀበሮንም ተንኰል አገር ያውቀዋል። አንቺን ግን ዓሦቹ አምነውሽ ነበር።» ፊቱንም አዞረ። «ሂጂ። የመብላት ፍላጎቴ ጠፍቷል።»

አህያ በሕይወት ወጣች። ጀርባዋ ላይ አንዲት አሞሌ እንኳ አልነበረም፤ ቢሆንም በጨው ሜዳ በኖረችበት ዘመን ሁሉ እንደዚያን ቀን ከብዷት አያውቅም።

ከዚህ የምንማረው፣ ሞኝ ሳያውቅ ብልጥም አውቆ ያደረሰውን ጥፋት፣ እውነቱን ይዞ ለራሱ ሲል ዝም ያለው ሁሉ አብሮ እንደሚሸከመው ነው።