ሽኮኮ አፍ ላይ የቀረው በሶ

ተረት ላወራ ነው፤ እናንተ «አቤት» በሉኝ፣ እኔ ልቀጥል። እዚያ ቆሎ የምትቆረጥሙም ትንሽ ታገሱኝ፣ ድምፄን እየዋጣችሁት ነው። ይቺን ተረት ባወራኋት ቁጥር ፊቴ ይቀላል። ለምን እንደሆነ መጨረሻዋ ላይ ትደርሱበታላችሁ።

ድሮ፣ ድንጋይና ስልቻ ሳይቀር አፍ በነበራቸው ጊዜ፣ በደጋ አገር አንዲት ሽኮኮ ነበረች። አንድ ክረምት በረዶ ወርዶ ማሳውን ሁሉ አጠፋው። የተረፈቻትን ገብስ ቆላች፣ ፈጨች፣ በሶ አድርጋ በስልቻ ሞላች። ስልቻውን አዘለችና ቁልቁል ወረደች። ወርዳ ወርዳ ቆላ አገር ደረሰች። ፀሐዩ ሌላ፣ ነፋሱ ሌላ፣ እህሉም ሌላ።

እዚያ የተቀበለቻት እማማ ኤሊ ነበረች። «እንግዳ እያለ እኔ ጥላ ሥር ብቻዬን አልተኛም፤ ከዛሬ ጀምሮ ጎረቤቴ ነሽ» ብላ ከዛፏ አጠገብ ካለው አለት ሥር አስቀመጠቻት።

በማግስቱ ሽኮኮ ገበያ ወጣች። ነጋዴዋ ጅግራ ናት።

«ገብስ አለሽ?»

«ማሽላ አለኝ።»

«ባቄላስ?»

«ማሽላ አለኝ።»

«ጦስኝስ? ባልጠጣው እንኳ ላሽትተው።»

«እህቴ፣ ማሽላ አለኝ አልኩሽ እኮ።»

ሽኮኮ ባዶ እጇን ተመለሰች። ሆዷ ባባ።

ምሳ ሲደርስ እማማ ኤሊ የማሽላ ቂጣ ፈትፍታ አቀረበች፣ ጎረቤቱም ተሰበሰበ። እንደ ደንቡ አንድ ጉርሻ ጠቅልላ ለእንግዳዋ እጇን ዘረጋች።

«በሞቴ፣ ጉረሺልኝ።»

በሞቴ ተብሎ እንቢ ይባላል? አይባልም። ሽኮኮ ግን «ጾም ላይ ነኝ» አለች። ከዚያ ከአለቱ ኋላ ዞረች፣ ስልቻዋን ፈታች፣ በሶዋን ቃም ቃም አደረገች።

«እሜት፣ አንድ ጭብጥ ለእማማ ኤሊ ብታቀምሻት ምን አለበት?» አላት ስልቻው።

«ዝም በል። አንዴ ከቀመሱት ይጨርሱብኛል። ከዚህ ሌላ ከአገሬ ምን ቀረኝ?» አለችና አፉን በጠፍር ጥፍር አድርጋ አሰረችው።

በሁለተኛው ቀን እማማ ኤሊ ጉርሻዋን ይዛ «በሞቴ» አለች። ሽኮኮ «ሆዴን ቁርጠት ይዞኛል» አለች። ከአለቱ ኋላ ዞረች፣ ፈታች፣ ቃመች።

«እሜት፣ ጎኔ እየጎደለ ነው። እኔ ባዶ የሆንኩ ቀን በማን ደጅ ልትቆሚ ነው?» አላት ስልቻው።

«ዝም በል» አለችና አሰረችው።

በሦስተኛው ቀን እማማ ኤሊ ደግሞ እጇን ዘረጋች። ሽኮኮ ሰበብ አለቀባት። ስለዚህ የእውነቱን ግማሽ ተናገረች። «እማማ፣ የአገሬ እህል ካልሆነ አይወርድልኝም። ከመጣሁ ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም» አለች። ናፍቆቷ እውነት ነበር። አልበላሁም ማለቷ ግን ውሸት ነው።

እማማ ኤሊ ጉርሻውን ቀስ ብላ ወደ ገበታው መለሰችው። በማግስቱ ቤቷ የለችም።

«እማማ የት ሄዱ?» ብላ ሽኮኮ ጅግራን ጠየቀቻት።

«ደጋ ወጡ። ‹ልጅቷ በረሃብ ልትሞትብኝ ነው፣ የአገሯን እህል ላምጣላት› ብለው ነው የሄዱት።»

ያ ዳገት ለፍየል ሁለት ቀን ነው። ለኤሊ ግን ደርሶ ለመመለስ ወር አይበቃውም። ሽኮኮ ሮጣ ልትመልሳት ትችል ነበር፤ ኤሊን ሮጦ መያዝ ማንን ያቅተዋል? «እማማ፣ ዋሽቼ ነው፣ ይመለሱ» ማለት ብቻ ነበር። ዛሬ እሄዳለሁ አለች። ነገ አለች። ከነገ ወዲያ አለች። በየቀኑም ከአለቱ ኋላ ዞራ በሶዋን ቃመች።

እማማ ኤሊ በሄደች በአርባኛው ቀን ሽኮኮ የመጨረሻዋን ጭብጥ ቃመች። የሚፈስ ነገር ስላልቀረ የስልቻውን አፍ ሳታስር ትታው ወጣች። ብቅ ስትል እማማ ኤሊ ከፊቷ ቆማለች። እግሯ ተልጧል፣ የጀርባዋ ጠርዝ ተሸርፏል። በቅጠል የተጠቀለለ አንድ እፍኝ ገብስ በአፏ ይዛለች። ጎረቤቱም «እንኳን ደህና መጡ» ሊል ከኋላዋ ተከትሏል። እማማ ኤሊ ቅጠሉን መሬት አስቀመጠችና ቀና ብላ አየቻት።

«ልጄ፣ አፍሽ ላይ ያለው ነጭ ነገር ምንድን ነው?»

«አመድ ነው እማማ። ምድጃ ስጠርግ ነው።»

«አመድ አይደለም፣ በሶ ነው» አለ ስልቻው ከአለቱ ኋላ። «ይህን ሁሉ ቀን ስትበላው ነበር። ዛሬ ገና አፌን ሳታስረው ብትሄድ ነው የምናገረው።»

ጅግራ መሬት መሬት አየች። ሽኮኮ አፏን በእጇ ብትጠርግ ዱቄቱ ፊቷን አዳረሰው። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ያን ጊዜ እማማ ኤሊ ብትቆጣት፣ ብትረግማት ይሻላት ነበር። አልተቆጣችም።

«እሰይ፣ እንኳን በላሽ» አለቻት። «እኔ መንገዱን ሁሉ ‹ሳልደርስላት ሞታ ይሆን› እያልኩ ነበር የምሄደው።»

ጅግራ ለደከመችው ባልንጀራዋ ቂጣ አቀረበች። እማማ ኤሊ የአርባ ቀን ረሃብ ይዟት እንኳ አስቀድማ አንድ ጉርሻ ጠቀለለች።

«በሞቴ።»

ሽኮኮ አፏን ከፈተች። ማሽላው ጣፈጣት። ከሁሉ የባሰ ያሳፈራት እሱ ነው፤ አንድም ቀን ቀምሳው አታውቅም ነበርና። እያለቀሰች ዋጠችው።

ገብሱን ግን ልትቀምሰው ብትሞክር አልወረደላትም። በስልቻው ውስጥ አድርጋ ከዛፉ ላይ ሰቀለችው፤ ከደጋ ለሚወርድ ለሚቀጥለው እንግዳ ይሁን ብላ። የስልቻውን አፍ ዳግም አላሰረችውም። እሷ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ባየች ቁጥር አለት ስንጥቅ ውስጥ ጥልቅ ትላለች።

እኔም ሰው አገር ሳለሁ አልጋ ሥር የደበቅኳት አንዲት ጣሳ ሽሮ ነበረችኝ። በሬን ያንኳኳችው ጎረቤት በእጇ ምን ይዛ እንደነበር፣ እኔም ምን ብዬ እንደመለስኳት አትጠይቁኝ።

አገር መናፈቅ አያሳፍርም፤ የተዘረጋን እጅ በውሸት መመለስ ግን ቢታጠቡት ከአፍ አይለቅም። ተረቴ አለቀች። በሉ ያንን ቆሎ ወደዚህ አሳልፉት፤ እኔም ልቅመስ፣ አጠገባችሁ ያለውም ይቅመስ።