መሪጌታ ልሳኑና የዝይ እንቁላል

እኛ እንደ ሰማነው እናወራዋለን፤ ያልጣመው ከነገሩን ሰዎች ይጣላ።

ጣና ዳር ካሉት አድባራት በአንዱ መሪጌታ ልሳኑ የሚባሉ የዜማ መምህር ነበሩ። ድምፃቸው መልካም ነው፤ ምላሳቸው ግን ከድምፃቸው ይቀድማል። የአገሩ ገዥ ፊታውራሪ ጓንጉል ደግሞ እጃቸው የማይፈታ ቋጠሮ ነበር። ለመሪጌታ በየፋሲካው ሙክት መስጠት የቆየ ወግ ስለሆነባቸው፣ ሁዳዴ በገባ ቁጥር ፊታውራሪን የሚያከሳቸው ጾሙ ሳይሆን የሙክቱ ነገር ነው ይባል ነበር።

አንድ ዓመት በዚያ ያለፈ ፈረንጅ ለፊታውራሪ ዝዮችና ዳክዬዎች እጅ መንሻ ትቶላቸው ሄደ። ወንዱ ዝይ በዋለ ባደረ ግቢውን ያዘው። በቅሎዋን አስደነበረ፤ እመቤቲቱን ከእልፍኝ እስከ ጓሮ አባረረ፤ በረኛውንም ከበሩ አስለቅቆ ራሱ በረኛ ሆነ። ፊታውራሪ ሲጨንቃቸው አንድ ዘዴ መጣላቸው። ለፋሲካ መሪጌታን አስጠርተው፣ «ዘንድሮ በግ ጠፍቷል። በሙክቱ ፈንታ እነዚህን ይዘህ ሂድ። ሥጋም ላባም አላቸው፤ እንቁላልም ይጥላሉ» አሏቸው።

መሪጌታ እጅ ለመንሳት ጎንበስ ቢሉ፣ ዝዩ አንገቱን አስግጎ መቀመጫቸውን ነክሶ አልለቅም አለ። አሽከሮች ተረባርበው አላቀቋቸው። መሪጌታ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ቀና አሉና፣

«ጌታዬ፣ ሙክቱን ለእኔ የሚሰጡኝ መስሎኝ ነበር የመጣሁት፤ ለካ እኔን ለሙክቱ ሊሰጡኝ ኖሯል!» አሉ።

ወፎቹን እየነዱ፣ ይልቁንም ወፎቹ እሳቸውን እየነዷቸው፣ ቤታቸው ደረሱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ይመኙሻል በር ላይ ቆመው ሲያዩ መሪጌታ ነጠላቸው ተዘልዝሏል፣ ጥምጥማቸው ወርዶ አንገታቸው ላይ ተጠምጥሟል፣ ዝዩም ከኋላ ከኋላቸው እየጮኸ ይከተላል። «ምን ሆኑ?» ቢሏቸው «ይኼ ወፍ ነከሰኝ» አሉ። ወይዘሮ ይመኙሻል የዋዛ አልነበሩም።

«እርስዎ አገሩን በአፍዎ ሲነክሱ ኖሩ፤ እግዜር ዛሬ የሚመልስልዎ አፍ ላከ!» አሏቸው። 

ጥቂት ሰንብቶ ዝይቱ ጣለች። ወይዘሮ ይመኙሻል ከማድጋው ሥር ገለባ ውስጥ ያገኙትን በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡ። ነጭ ነው፤ ሲይዙት እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ጎረቤት እየተጠራራ ያይ ጀመር። ወሬው ከቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ግን መልኩን ለውጦ ነበር። የመሪጌታ ንስሐ አባት መምሬ ጸዳሉ መቋሚያቸውን እየወዘወዙ መጡና፣ «የጉልላቱን የሰጎን እንቁላል አውርደህ ልትበላ ነው? ከደብሩ ትባረራለህ!» ብለው ጮኹ።

መሪጌታ ደነገጡ። ደብሩን ቢያጡ ቤትም እንጀራም የላቸውም። ሆኖም ረጋ ብለው ሕዝቡን አስከትለው ቤተ ክርስቲያኑ ዘንድ ሄዱና ወደ ጉልላቱ አመለከቱ። የሰጎን እንቁላሎቹ በመስቀሉ ዙሪያ እንደ ተሰኩ አሉ፤ አንድም አልጎደለ። መምሬ ጸዳሉ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። «እሺ፣ ይኼኛው ታዲያ ከየት መጣ?» ብለው አፋጠጧቸው።

«አባቴ፣ ያን ሁሉ ዘመን ጎን ለጎን አስቀምጣችኋቸው አይወልዱም ብላችሁ ነው?»

ከዚያ ወዲያ እንቁላሉ ከቤት አልጠፋም። የዝይቱን እንቁላል አንዱን ሰብረው በቅቤና በበርበሬ ቢጠብሱት ድስቱ ይሞላል። የዳክዬው ደግሞ አስኳሉ ወፍራም፣ ቀለሙ እንደ እርድ ስለሆነ፣ ወይዘሮ ይመኙሻል ቀቅለው ለሰፈሩ አራስ ሁሉ ይልኩ ነበር።

ነጋድራስ ወንድይፍራው የሚባል ጎረቤት ነበራቸው። ይህ ሰው የራሱን ምጣድ ለማሞቅ ይሳሳል፤ የሰው ወጥ ሲሸተው ግን አገር አቋርጦ ይደርሳል። አንድ ቀን ወይዘሮ ይመኙሻል ሽንኩርቱን አቁላልተው፣ በርበሬና ቅቤውን አዋድደው፣ የዶሮ ወጥ የሚመስል ሠሩ፤ ዶሮ ግን አልነበራቸውምና አንድ የተቀቀለ የዝይ እንቁላል ወጡ መሐል ጣል አደረጉበት። ነጋድራስ እንደ ልማዱ ከተፍ አለ። ገበታው ሲቀርብ እጁን ሰዶ ወጡን ግራና ቀኝ ቢያስስ እግርም ክንፍም አጣ። ቅር ብሎት፣ «መሪጌታ፣ ዶሮዋስ የት አለች?» አለ።

«ይህን ወልዳ የምትተርፍ መሰለህ?»

ይኸው ነጋድራስ ሌላ ጊዜ «ለልቤ ድካም መድኃኒት ነው ተብያለሁ» ብሎ የዳክዬ እንቁላሎች ለመነ። ወይዘሮ ይመኙሻል አዝነው ሰጡት። እሱ ግን አልበላቸውም፤ ወስዶ ለራሱ ዶሮ አሳቀፋቸው። ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ። ነጋድራስ «ሀብት ፈላልኝ» እያለ ሲዝናና፣ አንድ ማለዳ ጫጩቶቹ ተሰልፈው ወደ ጣና ወረዱና እሱ እያየ ውሃው ውስጥ ገቡ። ዶሮዋ ዳር ቆማ ትጮሃለች፤ ነጋድራስ አጠገቧ ቆሞ ከእሷ ብሶ ይጮሃል። እነሱ ግን ሸምበቆውን አልፈው ወደ ጥልቁ ቀዘፉ። መሪጌታ ጩኸቱን ሰምተው ሲደርሱ ነጋድራስ ልብሳቸውን ጨምድዶ ይዞ፣ «እንቁላልህ ጉድ ሠራኝ! ልጆቼ ወዴት ነው የሚሄዱት?» አላቸው።

«ተዋቸው ወንድሜ፤ የአባታቸውን ርስት ሊጠይቁ ነው» አሉት።

መሪጌታ ጥቂት አረቄ ይወዱ ነበር። ጥቂት የሚሉት እሳቸው ናቸው። መምሬ ጸዳሉ ንስሐ ሲሰጧቸው፣ «ፈጽመህ ተው ብልህ አትችልም። ከእንግዲህ በቀን ከአንድ የእንቁላል ቅርፊት በላይ እንዳትጠጣ» ብለው ገዘቷቸው። መሪጌታም ግዝቱን በእልልታ ተቀበሉ። ከሰንበት በኋላ መምሬ ሊጠይቋቸው ብቅ ቢሉ፣ መሪጌታ አናቱ የተሰበረ የዝይ እንቁላል ቅርፊት አረቄ ሞልተው በሁለት እጃቸው ይዘዋል። መምሬ ራሳቸውን ይዘው፣ «እኔ ያልኩህ የዶሮ ነው!» አሉ።

«አባቴ፣ የወፉን ስም መቼ ነገሩኝ? የሰጎን ባላደርገው ያመስግኑኝ እንጂ!»

መምሬ ተቆጡ። ያን ዕለት ወጥተው፣ ጣቶቹ በቆዳ ተያይዘው እግሩ እንደ ድንኳን የተወጠረ ወፍ ርኩስ ነው፣ መሪጌታም ርኩስ በልቷልና ከማኅሌት ይታገድ ብለው ካህናቱን ሰበሰቡ። ካህናቱ በዋርካው ሥር ተቀመጡ። ነገሩ ቀልድ አልነበረም፤ ወይዘሮ ይመኙሻል ከሰው ኋላ ቆመው የነጠላቸውን ጫፍ ይነክሳሉ። መሪጌታ አንድ የተቀቀለ የዳክዬ እንቁላል ከጉያቸው አውጥተው፣ ልጠው፣ በመዳፋቸው ላይ አኖሩት።

«አባቶቼ፣ ከዚህ ላይ እግር ካገኛችሁ አውግዙኝ፤ ካጣችሁ ጨው አቀብሉኝ።»

አንድ ሽማግሌ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ጨው አስመጡ ይባላል።

እንቁላሉ ይበላል የተባለ ዕለት ደግሞ ፊታውራሪ ጓንጉል በስጦታቸው ተጸጸቱ። መሪጌታን ከሰሱ፤ ከሳሽም ዳኛም እሳቸው ናቸው። በችሎት ተቀምጠው፣ «እኔ የሰጠሁህ ወፎቹን ነው። እንቁላል ሰጠሁ አላልኩም። ስለዚህ ከወፎቹ የሚወጣው የእኔ ነው» አሉ። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ግን ማን ይናገራል?

«እውነት ፈረዱ ጌታዬ!» አሉ መሪጌታ እጅ ነሥተው። «ከዚያ በኩል የሚወጣው ሁሉ የእርስዎ ከሆነ አሽከሮችዎ አካፋ ይዘው ይምጡ፤ ግቢዬን ሞልቶታል።»

ችሎቱ በሳቅ ተናወጠ። ፊታውራሪ ግን ነገር አይረሱም። በነጋታው አሽከሮቻቸው ቅርጫት ይዘው መጡና እንቁላሉን ጠርገው ወሰዱ። ዝይቱ የታቀፈችውን ሳይቀር ከሥሯ መነጠቋት። ወይዘሮ ይመኙሻል ባዶው ጎጆ አጠገብ ተቀምጠው፣ «ለአራሷ ቃል ገብቼላት ነበር» ብለው አለቀሱ። መሪጌታም አጠገባቸው ተቀመጡ።

ፊታውራሪ በዚያው ሰሞን ግብር አበሉ። መኳንንቱም ካህናቱም ተጠሩ። ለሰው ሁሉ ሽሮ ቀረበ፤ በፊታውራሪ ፊት ግን የተቀቀለው የዝይና የዳክዬ እንቁላል እንደ ክምር ተቆለለ። እሳቸው ብቻቸውን እየላጡ ዋጡት። ሰው ሽሮውን እየጠቀሰ ዓይኑን ከክምሩ ላይ አልነቀለም፤ አንድ እንኳ ቅመሱ የተባለ ግን የለም። እንቁላሉ ባለቀ ጊዜ ፊታውራሪ ዘወር ሲሉ መሪጌታን አዩና ቅርፊቱን በሁለት እጃቸው አፍሰው ገበታቸው ላይ ዘረገፉላቸው።

«እንካ፣ ይኼ ያንተ ድርሻ ነው!» አሏቸው።

መሪጌታ ቅርፊቱን አዩት እንጂ አልነኩትም።

«ምነው፣ ጌታ ሲያጎርስ ዝም ይባላል? ተነሥተህ አመስግን እንጂ! ሁሉ እየሰማ፣ ከነማዕረጌ ጥራኝ!»

መሪጌታ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ፤ እስከ ወገባቸው ጎንበስ ብለውም በዚያ በመልካሙ ድምፃቸው እንዲህ አሉ፦

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ቅርፊታውራሪ!»