ቁስሏን ለእንግዳ የከፈተችው ኮክ

ተረት ተረት! «የላም በረት» ብትሉኝም፣ እንደማታምኑኝ በአባቴ አጥንት እምላለሁ።

ሰማይ ሰባት ዓመት በተቆለፈበት አገር ማሽላ ብቻ ለምልማ ቆመች። ጎረቤቷ ኮክ በጥም ልትሞት ደርሳ፣ «እቱ፣ አንቺ ምን በልተሽ ነው?» አለቻት።

«ሰዎች፣ ዓይን የማያያት የአፈር ተህዋሲ በቁስሌ አስገቡልኝ። ድርቅ የምችልበትን ብርታት ይዛልኝ ገባች።»

ኮክ ልጧን በድንጋይ ፈግፍጋ አቆሰለችና ወደ አፈሩ ጮኸች፤ «ተህዋሲ ሆይ፣ ቤት ለእንግዳ!»

«እግዜር ይስጥልኝ» ብላ አንዷ ዘው አለች።

በሳምንቱ የኮክ ግንድ ጎተራ የሚያህል እባጭ አበቀለ። የቀራትን ውሃ ሁሉ እባጩ ጠጣው፤ ቅጠሏም ረገፈ። «ማሽላን ያዳነች እኔን ለምን ትገድላለች?» ብላ አቃሰተች።

ሥሯን ልትቆረጥም የመጣች ምስጥ ቃል አመለጣት፦

«ውይ እትዬ ኮክ! የማሽላዋን እኮ ሰዎች መጀመሪያ እባጭ የምታበቅልበትን ጥርሷን አውልቀው ነው ያስገቧት!»