የሽመላ እርምጃ

ተረት ተረት! «የመሠረት» የሚል ይበል፤ ዝም የሚልም ዝም ብሎ ይስማኝ።

ጎህ ሲቀድ በአንድ እግራቸው ቆመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በዝምታ የሚጸልዩ ሽመላዎች ነበሩ። የአገሩ ንጉሥ አንበሳ ግን ፈጣሪ የሚሰማው ሲጮኹለት ነው ባይ ነበርና፣ «ከእኔ ጋር የማያገሳ በአገሬ አይኖርም!» ሲል አዋጅ አስነገረ።

ሽመላዎቹ አልተከራከሩም። ጎጇቸውን ከነእንቁላሉ ትተው፣ አንበሳው «የእኔ ነው» ወደሚለው፣ እግሩ ግን ረግጦት ወደማያውቀው የባሕር ማዶ አገር በረሩ። ብዙዎቹን ማዕበል አስቀራቸው። የተረፉት አንድ ረግረግ ዳር እንደ ደረሱ፣ ክንፋቸው እየደማ በአንድ እግራቸው ቆሙ። ከድካም ብዛት ይንቀጠቀጡ ነበር፤ የወደቀ ግን አልነበረም።

ይሄኔ የረግረጉ ባለቤቶች እንቁራሪቶቹ የንጋት ምስጋናቸውን ጀመሩ። ጩኸታቸው ጆሮ ያደነቁራል።

አንድ ጎረምሳ ሽመላ ታገሠ፣ ታገሠና አልቻለም። መንቆሩን ከፍቶ ወደ አንዲት አሮጊት እንቁራሪት ተንደረደረ። «ዝም በሉ! በዝምታ የማይጸልይ እዚህ አይኖርም!»

ከሽመላዎቹ መካከል አንዲት ባልቴት ዓይኗን ገለጠች። «ልጄ፣ የአንበሳውን ድምፅ ያን ሁሉ ባሕር ተሸክመኸው ስትመጣ እንዴት አልከበደህም?»

ጎረምሳው መንቆሩን ገጠመ። እንቁራሪቷንም፣ «እሜቴ፣ አጠገብዎ ልቁም?» አላት።

«ቁም፣ ረግረጉ ሰፊ ነው። ብቻ እግርህን ስታወርድ ወደ ታች እያየህ ይሁን።»

ሽመላ እስከ ዛሬ ውሃ ውስጥ ሲራመድ እግሩን ቀስ አድርጎ፣ ወደ ታች እያየ ነው የሚያወርደው።

ተረቴን መልሱ፤ ዝም ያላችሁትም በዝምታችሁ።