የቢሻው የድንጋይ ታንኳ

ከእንጎላ ከተማ ማልዶ ተነሥቶ የሐይቁን ዳር ዳር ይዞ የሚጓዝ ሰው፣ ረግረጉንና ሾላዎቹን አልፎ፣ ረፋዱ ላይ መሬቱ ሹል ብሎ ወደ ውኃው ከገባበት ቦታ ይደርሳል። እዚያ ጫፍ ላይ አንድ የድንጋይ ታንኳ አለ። ታንኳ የሚመስል አለት አይደለም፤ ሰው ድንጋይ በድንጋይ ላይ ክቦ በእጁ የሠራው፣ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ያለ፣ ጎኑ እንደታሰረ ደንገል ጎበጥ ጎበጥ ያለ ነው። መንሳፈፍ ብቻ ነው የቀረው። በበጋ እሑድ እሑድ ወጣቶች ስንቃቸውን ይዘው በእግራቸው ይመጡና ውስጡ ተቀምጠው ፎቶ ይነሣሉ፤ አንዱም የሚቀዝፍ እየመሰለ ሌሎቹን ያስቃል። ቢስቁ አልፈርድባቸውም። የሠራው ሰው ግን እየሳቀ አልሠራውም።

የአካባቢው ሽማግሌዎች እንደሚሉት፣ በድሮ ጊዜ ከሐይቁ ወዲህ ማዶ ቢሻው የሚባል ታንኳ ሠሪ ይኖር ነበር። ሚስቱ ገና በወጣትነቷ ሞታበት፣ ጥላለት የሄደችውን አንዲት ሴት ልጅ አንጓችን ብቻውን አሳደገ። እንደ እናት ጠጉሯን ይሠራት ነበር ይባላል፤ ጎረቤት ቢስቅበትም ግድ አልነበረውም። ልጅቱም አድጋ ቤቱን ቤት አደረገችለት።

በዚያ ዘመን ወዲያ ማዶ የምትዳር ሙሽራ የምትሻገረው አባቷ በገዛ እጁ ባሠረላት አዲስ ታንኳ ነበር። በሰው ታንኳ የተሻገረች እንደሆነ አባት እንደሌላት ተቆጥራ፣ በባሏ ዘመዶች ፊት አንገቷን ደፍታ ትኖራለች። ታንኳ ደግሞ የሚሠራው ከሐይቁ ዳር በሚበቅል በደረቀ ደንገል ነው፤ እርጥብ ደንገል ውኃ ጠጥቶ ይከብዳልና ማንም አይሳፈርበትም። ስለዚህ ልጁ የተጠየቀ አባት ደንገል ያጭድና ጓሮው ፀሐይ ላይ ያሰጣል፤ ደንገሉ ሲደርቅ የሠርጉ ቀን ይቆረጣል።

ታፈረ የሚባል የወዲያ ማዶ ጎልማሳ ለአንጓች ሽማግሌ በላከ ጊዜ ቢሻው እምቢ የሚልበት ምክንያት አጣ። ልጁ ሥራ ወዳድ፣ ቤተሰቡም ጨዋ ነው፤ አንጓችም ወዳዋለች። እናም «ደንገሉ ይድረቅና ውሰዷት» አለ፤ አጭዶም አሰጣ።

ታዲያ ቀን ቀን ሰው ሁሉ እያየው የሚሰጣው ደንገል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅና ልጅቱ ውኃ ስትወርድ፣ በቅል ውኃ ይርከፈከፍበት ነበር። የሚያርከፈክፈው ራሱ ቢሻው ነው። ልጄን አልሰጥም ለማለት አፍ አጣ፤ ያለ እሷ ቤቱ ገብቶ መቀመጡ ደግሞ አስፈራው። እኔ ይህን በሰማሁ ቁጥር ልቆጣው እልና ያሳዝነኛል።

ሽማግሌዎቹ ከፋሲካ በኋላ መጡ፤ ቢሻው ጓሮ ወስዶ ደንገሉን አስነካቸው፣ እርጥብ ነው። ሌላ ጊዜ መጡ፤ ሻገተና እንደገና አጨድኩ አላቸው። ከመካከላቸው አንዱ ቀልደኛ ቢጤ ነበርና፣

«አያ ቢሻው፣ የአንተ ደንገል ፀሐይ ላይ ያልበዋል እንዴ?» አለው።

ሁሉም ሳቁ፤ ቢሻውም አብሮ ሳቀ። በደንገል ነገር የታንኳ ሠሪን ቃል የሚጠራጠር አልነበረም። ዓሣ የሚያጠምድባትን የራሱን ታንኳ እንኳ ለአንጓች መሻገሪያ አድሳት እንዳይሉት ፈትቶ አንድዷት ነበር።

አንድ ቀን አንጓች እንስራዋ መንገድ ላይ ተሰብሮባት ባዶ እጇን ቶሎ ተመለሰችና፣ አባቷን ቅሉን እንደያዘ ጓሮ አገኘችው። እሱ አላያትም። ተመልሳ ወደ ቤት ገባች። ራት ላይ ግን፣

«አባዬ፣ ደንገሉ መቼ ነው የሚደርቀው?» ስትል ጠየቀችው።

«ትንሽ ነው የቀረው፣ ልጄ።»

ያን ጊዜ እውነቱን ቢነግራት ኖሮ ትቀርለት ነበር የሚሉ አሉ። እሱ ግን አጎንብሶ መብላቱን ቀጠለ።

ክረምቱ ገባ። የታፈረ ወገኖችም ለመስከረም ካልሆነ ሌላ እናጭለታለን ብለው ላኩ። አንጓች አባቷን በሰው ፊት ማዋረድ አልፈለገችም፣ ታፈረንም ማጣት አልፈለገችም፤ ስለዚህ አንድ ማለዳ በእግሯ ሐይቁን ልትዞረው ተነሣች። በክረምት የሐይቁ ዳር ሁሉ ረግረግ ነው፤ ወንዞቹ ሞልተዋል፣ ንዳዱም ጽኑ ነው። እየዋኘች፣ እየወደቀች፣ ከብት ጠባቂዎች ጎጆ አድራ፣ ከዚያች ሹል መሬት እንደደረሰች ንዳዱ ጣላት።

ቢሻው ወሬው ደርሶት እየሮጠ ሲመጣ በሕይወት አገኛት። የንዳድ መድኃኒት የሚያውቁት ሴት ያሉት ከማዶ፣ የታፈረ ቀዬ ነው። የቤቶቹ ጢስ እንኳ ከዚያው ሆኖ ይታያል። ታንኳ ቢኖር ጀምበር ሳትጠልቅ ይደረስ ነበር። በአቅራቢያው ግን የሰው ታንኳ የለም፤ ታንኳ ሠሪውም የራሱ አልነበረውም። ያለው ጓሮው የቀረው እርጥብ ደንገል ብቻ ነበር።

ራሷን ጭኑ ላይ አድርጎ ሳለ ዓይኗን ገለጠችና፣

«አባዬ፣ ደረቀ?» አለችው።

«ደርቋል፣ ልጄ። ደርቋል፤ እንሻገራለን» አላት።

ያን ቃል ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። ሰምታው እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

ቀብሯት ወደ ቤቱ አልተመለሰም ይባላል። ከኮረብታው ድንጋይ እየተሸከመ ይህን ታንኳ ይክብ ጀመር። ያየው ሁሉ አበደ አለ። ለምን በድንጋይ ትሠራለህ ብለው ሲጠይቁት፣ «ድንጋይ ማስጣት አይፈልግም» ብሎ መለሰ። ታፈረም ነገሩን ሰምቶ በትሩን ይዞ በቁጣ መጣ፤ ነገር ግን የሰውዬውን የተላጠ ትከሻ ባየ ጊዜ በትሩን ጥሎ ድንጋይ አነሣ፤ ታንኳው እስኪያልቅም ሁለቱ አብረው ሠሩ። አንዳንዶች ደግሞ ታፈረ ከቶ አልመጣም፤ ይህ ለልጃገረዶች ማጽናኛ ተብሎ የተጨመረ ነው ይላሉ። እኔ መምጣቱን አምኛለሁ፤ አፍንጫው ላይ ያሉትን ድንጋዮች አንድ ሽማግሌ ብቻውን ያነሣቸዋል ብዬ አላስብም።

ከዚያ ወዲህ በእንጎላ ሙሽራ በውኃ አትሻገርም። ዛሬ መኪና ቢኖርም አጀቡ ሾላዎቹ ጋ ይወርድና በእግሩ እስከዚያች ጫፍ ይሄዳል። ሙሽራዋ የድንጋዩ ታንኳ ውስጥ ትቀመጣለች፤ አባቷ ከኋላ ሆኖ ሁለት እጁን ታንኳው ላይ አሳርፎ እንደሚገፋ ይሆናል። ያን ጊዜ ከበሮው ዝም ይላል፤ ዘፋኙም ዝም ይላል። አባት አንዲት ቃል እስኪናገር ድረስ ማንም አይወስዳትም፤ ማንም ደግሞ አያጣድፈውም። አንዳንዱ አባት ቶሎ ይለዋል።

ባለፈው ጥር ያየሁት ሰው ግን ግንባሩን ድንጋዩ ላይ ደፍቶ ብዙ ቆየ። ልጁ ዞር ብላ አላየችውም፤ ሙሽራውም ጫማውን እያየ ቆመ፤ ነፋሱ የሚዜዎቹን ነጠላ ያርገበግባል። በመጨረሻ ሰውዬው ቀና አለና፣ ከቅርብ ላለነው እንኳ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ፣

«ደርቋል» አለ።