በክር የታሰረው ዕጣ

አንድ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ጋሽ ኅሩይ የሚባሉ። ምራቃቸውን የዋጡ ሰው ስለነበሩ የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍም፣ የተጣላ ባልና ሚስት ጉዳይም እሳቸው ዘንድ ነበር የሚቀመጠው። የሰፈሩ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሰባተኛ ክፍል ሠላሳ ቦታ ብቻ ኖሮት መቶ ሃያ ልጆች ሲመዘገቡ፣ ወላጆች «ዕጣውን ጋሽ ኅሩይ ያውጡልን» አሉ፤ እያንዳንዱም የልጁን ስም ጽፎ ጠቅልሎ እንዲያመጣ ተባለ።

ችግሩ የራሳቸው ልጅ ሶስናም ከመቶ ሃያዎቹ አንዷ መሆኗ ነው። ዕጣ ካልወጣላት ቀጣዩ ትምህርት ቤት ከወንዙ ማዶ ነው፤ ልጅቷ ደግሞ አንድ እግሯን ታነክሳለች። ሚስታቸው የሺመቤት የሶስናን ስም በወረቀት ጽፋ ጠቀለለችና በክር አሰረችው።

«ዓይንህን ቢሸፍኑህም ጣትህ ክር አይስትም» አለቻቸው።

ጋሽ ኅሩይ አልተቆጡም፤ እሺም አላሉም። ዝም አሉ። ጥፋቱ ያው ዝምታ ነው።

በዕጣው ቀን ግቢው ጢም ብሎ ሞላ። ዓይናቸው በሻሽ ተሸፈነና እጃቸውን ዕጣዎቹ ወደተጨመሩበት ማዳበሪያ ሰደዱ። ወዲያው ክር ነካቸው። አወጡት። ርእሰ መምህሩ ክሩን ፈትተው ጥለው አነበቡ።

«ናሆም ታፈሰ!»

የሌላ ሰው ልጅ ነው። እጃቸውን መለሱ፤ አሁንም ክር። «ሜሮን ግዛቸው!» ሦስተኛውም ክር ነበረበት። ለካ የሺመቤት ምስጢሩን ለአንዲት ጎረቤቷ «አደራ፣ ለሰው እንዳትነግሪ» ብላ ነግራ ኖሯል፤ ጎረቤቷም እንዲሁ ብላ ለሌላዋ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ያልሰሙት ጋሽ ኅሩይ ነበሩ። ክሮቹ መሬት ላይ ሲወድቁ ሰው ሁሉ ያያል፤ ትንፍሽ የሚል ግን የለም፤ የተናገረ ራሱን ማጋለጡ ነዋ!

ጋሽ ኅሩይ ሻሹን ገፈፉና ማዳበሪያውን መሬት ላይ ዘረገፉት። ክር የሌለበት ወረቀት አንድ ብቻ ተገኘ፤ የልብስ አጣቢዋ የወርቄ ልጅ ስም። ወርቄን ደጃፏ ቆሞ የሚያጫውታት ስለሌለ ወሬው አልደረሳትም ነበር።

«የመጀመሪያው ክር ከእኔ ቤት ነው የወጣው» አሉ። «ለዚህ ሥራ አልበቃም። ዕጣው እንደገና ይጻፍና ወርቄ ታውጣው።»

ወርቄ አወጣች። ሠላሳ ስም ተጠራ። የእሷም ልጅ፣ ሶስናም አልነበሩበትም። የሺመቤት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ኅሩይ ሱቃቸውን አርፍደው ይከፍታሉ፤ ጠዋት ጠዋት ሁለቱን ልጆች ወንዙን ያሻግራሉና።

ልብ እንበል፦ መቶ አሥራ ዘጠኝ ክር ታስሮ ጋሽ ኅሩይ የልጃቸውን ወረቀት መለየት እንኳ አልቻሉም። ዕድሏ ሊጠብባት የነበረችው፣ እናቷ ወሬውን ያልሰማችላት የወርቄ ልጅ ብቻ ናት፤ የሰፈሩ መተማመን ደግሞ በክር አይጠገንም። እርስዎስ፣ ለልጅዎ ብለው ያሰሩት ክር የማንን ልጅ አስቀርቶ ይሆን?